የተዝካር ወጪና የገቢ ግብር

በዕረፍት ጊዜ ወደ አሰበ ተፈሪ፣ ወደ ሂርና፣ ወደ በዴሳ ወይም ወደ ገለምሶ የሚመለስ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ የሚማረው ሕግም ይሁን ሒሳብ ወይም እርሻ፣ ከዘመድና ከጎረቤት ጥያቄ አይቀርለትም። «የተማርኸው አንተ ነህና ይኸን አስረዳን» ይባላል። ለብዙዎቻችን ከሚቀርቡልን ጥያቄዎች አንዱ የሚከተለው ነው። አንድ ነጋዴ ይሞታል። ልጆቹ በአርባኛው ቀን ተዝካሩን ያወጣሉ። ለፍትሐቱና ለቅዳሴው ለቤተ ክርስቲያን ይከፍላሉ፤ ለካህናቱ፣ ለዘመዱና ለነዳያኑ ይደግሳሉ። የግብር ወራት ሲደርስ የቤተ ክርስቲያኑን ደረሰኝ ከሱቁ ደረሰኞች ጋር አያይዘው «ይህ ለእግዚአብሔር ቤት የተሰጠ ገንዘብ ነውና ከገቢያችን ላይ ተቀንሶ ግብሩ ይታሰብልን» ሊሉ ያስባሉ። ይህ ይቻላልን?

መልሱ ባጭሩ አይቻልም ነው። ነገር ግን «አይቻልም» ብሎ ዝም ማለት የተማረ ሰው መልስ አይደለም። ጠያቂው ምክንያቱን ካላወቀ ወይ ሕጉ ሃይማኖትን የናቀ ይመስለዋል፤ ወይም ደረሰኙን «ልዩ ልዩ ወጪ» በሚል ስም ከመዝገቡ ውስጥ ይሸሽገዋል። የመጀመሪያው ቅሬታን፣ ሁለተኛው ቅጣትን ያመጣል። ከዚህም በላይ፣ ኋላ እንደምናሳየው፣ ከግብሩ ጥያቄ በስተ ጀርባ ለቤተ ሰቡ የሚብስ ሌላ ጥያቄ አለ፤ እርሱም የሟቹ ዕዳ ጥያቄ ነው። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ጀምረን ደረጃ በደረጃ እንመርምረው።

1ኛ፤ ልማዱ በከተሞቻችን

ዛሬ ጭሮ በሚል ስም የምትጠራው አሰበ ተፈሪ ከአዲስ አበባ ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የጨርጨር ተራሮች ከተማ ናት። ከተማዪቱን በማቅናት ስማቸው የሚነሣው የጨርጨር ገዥ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ኋላ የገንዘብ ሚኒስትር የሆኑ ሰው ናቸው፤ በ1923 ዓ.ም. የወጣውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁትም እሳቸው ናቸው። እንግዲህ ስለ ሕግና ስለ መንግሥት ገንዘብ መነጋገር ለዚች ከተማ እንግዳ ነገር አይደለም።

የምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች ኑሮ በጫት፣ በቡና፣ በከብትና በችርቻሮ ንግድ ላይ የተመሠረተ ነው። ሱቁና ቤቱ ብዙ ጊዜ በአንድ ግድግዳ ብቻ የተለያዩ ናቸው፤ ገንዘቡ ግን ያ ግድግዳ እንኳ የለውም። የልጁ ደብተር፣ የዘመድ ሠርግ፣ የሐዘን ወጪ ሁሉ ከአንድ መሳቢያ ይወጣል። የጥያቄያችንም ምንጭ ይኸው የመሳቢያ አንድነት ነው።

በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ልማድ ለሞተ ሰው ከቀብሩ ዕለት ፍትሐት በኋላ በሣልስቱ፣ በሰባቱ፣ በዐሥራ ሁለቱ፣ በሠላሳው፣ በአርባው፣ በሰማንያው፣ በመንፈቁ፣ በሙት ዓመቱና በሰባት ዓመቱ መታሰቢያ ይደረግለታል። ከእነዚህ ሁሉ በሕዝቡ ዘንድ የጠነከረው የአርባው ተዝካር ነው። በአካባቢያችን የሚበዙት የእስልምና ተከታዮች ወገኖቻችንም ለሟቻቸው ሰደቃ ያወጣሉ፤ ቁርአን ያስቀራሉ፤ ዱዓ ያስደርጋሉ፤ ለሚቀሩትም እንደ አቅማቸው ይሰጣሉ። ቀብሩን ደግሞ እድሩ፣ ወይም በሐረርጌ አጠራር አፎሻው፣ ይሸከማል። ሥርዓቱ የተለያየ ቢሆንም ጥያቄው የሁሉም ነው፤ ስለ ሟች መታሰቢያ ለሃይማኖት ወገን የተከፈለ ገንዘብ በግብር ሕግ ፊት ምን ይባላል?

2ኛ፤ ገንዘቡን መለየት

ከሁሉ በፊት «የተዝካር ወጪ» የሚባለው አንድ ነገር እንዳልሆነ መገንዘብ ያስፈልጋል። በውስጡ ቢያንስ ሦስት ልዩ ልዩ ወጪዎች አሉ።

አንደኛው ለጸሎቱ ለቤተ ክርስቲያኑ ወይም ለካህናቱ የሚሰጠው ነው። ሁለተኛው የድግሱ ወጪ ነው፤ ይኸውም በሬው፣ ጤፉ፣ ጠላው፣ ድንኳኑ ነው። ሦስተኛው በሟቹ ስም ለነዳያን የሚመጸወተው፣ ወይም ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ የሚሰጠው ስጦታ ነው። በገንዘብ ረገድ ብዙውን ጊዜ ትልቁ ሁለተኛው ሲሆን፣ ስለ ግብር ሲነገር ግን ሁሉም «ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ» በሚል አንድ ስም ይጠቀለላል። ድግሱ በዘመድና በወዳጅ የተበላ ስለ ሆነ በማንኛውም አገር የግብር ሕግ ፊት የግል ወጪ ነው። ስለዚህ ከእንግዲህ የምንከራከረው ስለ አንደኛውና ስለ ሦስተኛው ብቻ ነው።

3ኛ፤ ሕጉ

በሥራ ላይ ያለው የፌዴራል የገቢ ግብር ሕግ በ2008 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 979/2008 ነው፤ በ2017 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1395/2017 ተሻሽሏል። የግለሰብ ነጋዴዎችን ግብር የሚሰበስበው በሕገ መንግሥቱ መሠረት ክልሉ ስለ ሆነ የጭሮ ባለሱቅ ጉዳዩ በክልሉ ሕግ ይታያል፤ ይሁን እንጂ የክልሎች ሕጎች የተቀረጹት በፌዴራሉ አምሳል ነውና መሠረተ ሐሳቡን ከአዋጅ 979 መማር ይቻላል።

አዋጁ ገቢን በሠንጠረዥ ይከፋፍላል። በሠንጠረዥ «ሀ» የመቀጠር ገቢ፣ በሠንጠረዥ «ለ» የኪራይ ገቢ፣ በሠንጠረዥ «ሐ» የንግድ ገቢ ይገኛሉ። የመጀመሪያው ማጣሪያ ይኸው ነው። ደመወዝተኛ የሆነ ሰው፣ አስተማሪም ይሁን የጤና ሠራተኛ፣ ወጪውን አስቦ ከደመወዙ ላይ ለማስቀነስ መብት የለውም። አሠሪው ግብሩን በየወሩ ቆርጦ ያስተላልፋል፤ የሐዘኑን ደረሰኝ የሚቀበለው መስኮት የለም። እንደዚሁም የሒሳብ መዝገብ የማይዝ አነስተኛ ነጋዴ ግብሩ የሚተመነው በሽያጩ መጠን ስለ ሆነ የወጪ ቅነሳ ጥያቄ አይነሣለትም። እንግዲህ ጥያቄው የሚቀረው ለመዝገብ ያዥ ነጋዴ ብቻ ነው።

መዝገብ ያዡ ነጋዴ የተዝካሩን ክፍያ ለማስቀነስ ሊሞክር የሚችልባቸው በሮች ሁለት ናቸው።

የመጀመሪያው በር የንግድ ወጪ የሚለው ነው። በአዋጁ ቁጥር 22 መሠረት የሚቀነሰው ገቢውን ለማግኘት፣ ለንግዱ ዋስትና ለመስጠትና ንግዱን ለማስቀጠል የግድ አስፈላጊ የሆነ ወጪ ነው። የሱቅ ኪራይ፣ የጫኝ ዋጋ፣ የመብራት ክፍያ ይህን ይፈጽማሉ። ለአባት ነፍስ የተደረገ ጸሎት ግን፣ ምንም ያህል የተወደደ ቢሆን፣ ሸቀጥ አያስገባም፤ ደንበኛም አያመጣም። «ተዝካሩን ባላወጣ ገበያው ይሸሸኝ ነበር» የሚል ነጋዴ ይኖር ይሆናል። በከተሞቻችን የሰው አፍ ምን ያህል እንደሚያስፈራ እናውቃለን፤ ዳሩ ግን ሕጉ የሚለካው የወጪውን ዓላማ ነው እንጂ የሰውን አፍ አይደለም። ቁጥር 27 ደግሞ የግል ፍጆታ ወጪ እንደማይቀነስ በግልጽ ይናገራል።

ሁለተኛው በር የበጎ አድራጎት ስጦታ የሚለው ነው። ቁጥር 24 ስጦታ እንዲቀነስ ይፈቅዳል፤ ነገር ግን በሁለት ዐይነት ብቻ ነው። አንዱ ለኢትዮጵያ በጎ አድራጎት ድርጅት ወይም ማኅበር የተሰጠ ሲሆን፣ ሌላው የአገርን ሉዓላዊነት ለመጠበቅ፣ ሰው ሠራሽ ወይም የተፈጥሮ አደጋን ወይም ወረርሽኝን ለመከላከልና ለመሰለው ጉዳይ መንግሥት ላቀረበው ጥሪ መልስ የተሰጠ ነው። በዚያም ላይ ተቀናሹ ግብር ከሚከፈልበት ገቢ 10 በመቶ እንዳይበልጥ ወሰን ተደርጎበታል።

እዚህ ላይ ጠያቂው «ታዲያ ከቤተ ክርስቲያን የበለጠ በጎ አድራጊ ማን አለ?» ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ያለው ግን በግብር ሕጉ ውስጥ ሳይሆን በጎ አድራጎት ድርጅቶችን በሚመለከተው ሕግ ውስጥ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 የሃይማኖት ተቋማትን ከሚመለከታቸው ዝርዝር ውጭ አድርጎ ነበር። እርሱን የተካው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011ም ያንኑ አደረገ። እድርና እቁብም እንዲሁ ከሕጉ ውጭ ናቸው። ይህን መለየት የንቀት ምልክት አድርጎ መውሰድ ስሕተት ነው። ሃሳቡ መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ስለ ሆኑ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ቤተ ክርስቲያንን ወይም መስጊድን መዝጋቢና ተቆጣጣሪ እንዳይሆን ነው። የሃይማኖት ተቋማት ሕጋዊ ሰውነታቸውን የሚያገኙት ከሌላ ሕግ ነው። የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ሰውነት በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ታውቋል፤ የእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤትም በአዋጅ ቁጥር 1207/2012፣ የወንጌል አማኞች አብያተ ክርስቲያናት ካውንስልም በአዋጅ ቁጥር 1208/2012 ሕጋዊ ሰውነት አግኝተዋል። እንግዲህ ከቁጥጥሩ ነፃ መሆን ጥቅም ሲሆን፣ የዚያ ዋጋ ደግሞ ከተቀናሽ ስጦታ ተቀባዮች ዝርዝር ውጭ መሆን ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ እንበል። ያው አዋጅ 1113 የሃይማኖት ተቋማት ያቋቋሟቸውን የበጎ አድራጎት ድርጅቶች በሥሩ ያገባቸዋል። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን ለጸሎቱ የምትቀበለው ገንዘብ ከዝርዝሩ ውጭ ሲሆን፣ ሃይማኖታዊ ወገን አቋቁሞት የተመዘገበ፣ ድኻ የሚረዳ ወይም ውኃ የሚያወጣ ድርጅት የሚቀበለው ገንዘብ ግን በዝርዝሩ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ወደዚህ ነጥብ ኋላ እንመለስበታለን።

4ኛ፤ ዋጋ ነው ወይስ ስጦታ?

በሃይማኖት ትምህርት ዘንድ ለፍትሐትና ለቅዳሴ የሚሰጠው የጸሎቱ ዋጋ አይደለም። የመንፈስ ቅዱስን ስጦታ በገንዘብ ሊገዛ የፈለገው ሲሞን መሠርይ እንዴት እንደ ተገሠጸ በሐዋርያት ሥራ የተጻፈውን እናውቃለን። ካህኑ የሚቀበለው መተዳደሪያውን ነው፤ ምእመኑም የሚሰጠው በፈቃዱ ነው ይባላል። በሌላ ወገን ደግሞ የመንግሥት ሕግ ነገሩን አገልግሎት አድርጎ ሲያይ እናገኘዋለን። ለምሳሌ ያህል በ2016 ዓ.ም. በሌላ አዋጅ የተተካው የ1994ቱ የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጅ ቁጥር 285 የሃይማኖት ድርጅቶች የሚሰጡትን ሃይማኖታዊ አገልግሎት ከታክስ ነፃ ካደረጋቸው አገልግሎቶች መካከል ቈጥሮት ነበር። ነፃ ያደረገው አገልግሎት ስላልሆነ ሳይሆን አገልግሎት ሆኖ ሳለ ነው።

ለጥያቄያችን የሚያስፈልገው ግን ከሁለቱ ማን ልክ እንደ ሆነ መፍረድ አይደለም። ክፍያው የአገልግሎት ዋጋ ነው ካልን፣ ለቤተ ሰቡ የተደረገ አገልግሎት ስለ ሆነ የግል ወጪ ነው፤ በቁጥር 27 ይወድቃል። ስጦታ ነው ካልን ደግሞ ተቀባዩ በቁጥር 24 ከተመለከቱት ወገን ስላልሆነ አሁንም ይወድቃል። በየትኛውም መንገድ ብንሄድ የምንደርሰው እዚያው ነው። በሱቅ በር ላይ ቆመን ስለ ጸሎት ምንነት ሳንከራከር ለዘመዶቻችን መልስ መስጠት የምንችለው በዚህ ምክንያት ነው።

5ኛ፤ በሌሎች አገሮች

ሕጉ በሁሉም አገር እንዲህ አይደለም። በአሜሪካ ቤተ ክርስቲያናት በግብር ሕጉ ራሱ ከበጎ አድራጎት ተቀባዮች ጋር ይቈጠራሉ። የአገሪቱ የግብር መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1978 በሰጠው ትርጓሜ ካቶሊካውያን ቅዳሴ እንዲቀደስላቸው ለቤተ ክርስቲያን የሚሰጡት ገንዘብ ተቀናሽ ስጦታ እንደ ሆነ አስታውቋል። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1989 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄርናንዴዝ በሚባለው ጉዳይ የሳይንቶሎጂ ተከታዮች ለሥልጠናና ለምክር በተወሰነ ታሪፍ የከፈሉት ገንዘብ በምትኩ አገልግሎት የተገኘበት ስለ ሆነ ስጦታ አይደለም ሲል ወሰነ። በሐሳብ የተለዩት ዳኞች «ታዲያ የቅዳሴው ክፍያ ከዚህ በምን ይለያል?» ብለው ጠይቀዋል። መሥሪያ ቤቱም እ.ኤ.አ. በ1993 ከሳይንቶሎጂ ድርጅት ጋር ተስማምቶ ክርክሩን አቆመ።

በእንግሊዝ አገር ደግሞ ለሙታን ጸሎት የሚተው ኑዛዜ ለብዙ ዘመን «የአጉል እምነት» ነው እየተባለ ይሻር ነበር። የጌቶች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1919 ቦርን እና ኪን በሚባለው ጉዳይ ያን አሮጌ ደንብ ሽሮ ኑዛዜው የጸና እንደ ሆነ ፈረደ።

ከእነዚህ ምሳሌዎች የምንማረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ መንግሥት የጸሎትን ዋጋ ለመመዘን ሲነሣ ሃይማኖትን ከሃይማኖት ማበላለጥ ውስጥ ይገባል። ሁለተኛ፣ በአሜሪካ የሚኖር ወንድማችን «እኛ ዘንድ ለቤተ ክርስቲያን የሰጠነው ይቀነሳል» ብሎ ቢጽፍልን ነገሩ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ግን እዚያ የሚቀነሰው የዚያ አገር ሕግ ቤተ ክርስቲያንን በተቀባይነት ስለ ጻፈ ነው። የወንድማችን ደብዳቤ ለጭሮ ገቢዎች ጽሕፈት ቤት ማስረጃ አይሆንም።

6ኛ፤ ቢፈቀድ ይሻል ነበርን?

ከመካከላችን ሕጉ መለወጥ አለበት የሚሉ አሉ። ምክንያታቸውም ቀላል አይደለም። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትና የከተማ ትርፍ ቤት ከተወረሰ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን የቀድሞ መሬቷንና የቤት ኪራይዋን አጥታ የምትኖረው ከምእመናን በሚገኝ ገንዘብ ነው። የገጠር ካህን ኑሮም ይታወቃል። ግብሩ ቢቀነስ ሰጪው ይበረታታል፤ ካህኑም ይጠቀማል ይላሉ።

እኛ ግን በሂሳብ አስልተን ስናየው ሌላ ነገር ይታየናል። ግብር የሚከፈልበት የዓመት ገቢው 300,000 ብር የሆነ ነጋዴ 60,000 ብር ለተዝካር ጸሎት ከፈለ እንበል። ከፍተኛው የግብር ምጣኔ 35 በመቶ ነው። ያለ ወሰን ቢቀነስለት ግብሩ በ21,000 ብር ያንሳል። የ10 በመቶው ወሰን ቢጠበቅ ደግሞ 30,000 ብር ተቀንሶለት ግብሩ በ10,500 ብር ያንሳል። ይህ ገንዘብ ከሰማይ አይወርድም፤ ለጭሮ መንገድ፣ ለገለምሶ ሐኪም ቤት፣ ለእኛም ትምህርት ሊውል ከሚገባው የሚጎድል ነው። በአነስተኛው የ15 በመቶ ምጣኔ ላይ ያለ ነጋዴ 10,000 ብር ቢከፍል የሚተርፈው 1,500 ብር ብቻ ነው። ማለትም ባለጸጋው ለአባቱ መታሰቢያ ከሚያወጣው ከእያንዳንዱ ብር 35 ሳንቲም ሕዝቡ ሲከፍልለት፣ ለአነስተኛው 15 ሳንቲም ይከፈልለታል። በሚኤሶ ገበያ ጭነት ለሚሸከመው፣ በቁኒ ማሽላውን ለሚያርሰው፣ በደመወዙ ለሚኖረው አስተማሪ ግን ምንም አይደርሰውም። ሁሉም አባት አላቸው፤ ሁሉም ያለቅሳሉ።

ሌላም ችግር አለ። ቅነሳ የሚከተለው ሐዘንን ሳይሆን ደረሰኝን ነው። ቤተ ክርስቲያን በሰበካ ጉባኤዋ በኩል ደረሰኝ ትቈርጣለች። በሰደቃ ላይ ቁርአን ለሚቀሩት ሸኽ በእጅ የሚሰጠው ገንዘብ ግን ደረሰኝ የለውም፤ እንዲኖረውም ማንም አስቦ አያውቅም። እንግዲህ በወረቀት ላይ ለሁሉ እኩል የተጻፈ ቅነሳ በሥራ ላይ ሲውል አንዱን ሃይማኖት ጠቅሞ ሌላውን የሚተው ይሆናል። ክርስቲያንና እስላም በአንድ መንደር በሚለቃቀሱበት፣ አንዱ የሌላውን ቀብር በሚሸኝበት በምዕራብ ሐረርጌ እንዲህ ያለ ልዩነት ከግብር መሥሪያ ቤት እንዲመጣ አንመኝም።

ስለዚህ የእኛ አስተያየት ሕጉ በዚህ ነጥብ ላይ ልክ ነው የሚል ነው። የሟች መታሰቢያ የቤተ ሰብ ክብር ነው፤ ክብሩም ቤተ ሰቡ በራሱ ገንዘብ በማድረጉ ነው። ካህኑን መርዳት የሚገባ ከሆነ፣ ይገባልም፣ ምእመኑ በቀጥታ ይርዳው እንጂ የማያምነው ጎረቤት በግብር በኩል ሳይጠየቅ እንዲያዋጣ ማድረግ አይገባም።

7ኛ፤ ከግብሩ የሚብሰው

መጀመሪያ ላይ ከግብሩ በስተ ጀርባ ሌላ ጥያቄ አለ ብለን ነበር። ይኸውም የሟቹ ዕዳ ነው። በከተሞቻችን ንግድ በዱቤ የሚካሄድ ስለ ሆነ አንድ ነጋዴ ሲሞት ለጅምላ ሻጩ፣ ለገበሬው፣ ለባንኩ፣ ለመንግሥትም የግብር ዕዳ ትቶ ሊሞት ይችላል። ወራሾቹ ግን አርባ ቀን ሳይሞላ ከሱቁ ሣጥን ውስጥ ያለውን አውጥተው ይደግሳሉ።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ይህን አስቀድሞ አስቦበታል። በቁጥር 1014 መሠረት ከውርሱ ሀብት በመጀመሪያ የሚከፈለው የቀብር ወጪ ነው፤ ከዚያ የውርሱ ማጣሪያ ወጪ፣ ከዚያም የሟቹ ዕዳዎች ይከተላሉ። የቀብር ወጪ ቅድሚያ የሚያገኘው ግን ከሟቹ ኑሮ ደረጃ ጋር የተመጣጠነ ሲሆን ነው። ቁጥር 1025 ደግሞ የተዝካር ወጪ ከቀብር ወጪ እንደማይቈጠር ይናገራል። እዚህ ላይ የሕጉን ሐሳብ ልብ እንበል። ሟቹን መቅበር የማይቀር ግዴታ ስለ ሆነ ከባለ ዕዳው ሁሉ ይቀድማል። ተዝካሩ ግን የቤተ ሰቡ ፈቃድ ነውና የሌላ ሰው ገንዘብ ሳይከፈል በፊት ሊወጣ አይገባውም።

ይህ ድንጋጌና የግብሩ ድንጋጌ በተለያየ ዘመን በተለያየ ሕግ ውስጥ ቢጻፉም የሚናገሩት አንድ ነገር ነው። ሁለቱም የተዝካሩን ወጪ ከሱቁና ከባለ ዕዳዎቹ ገንዘብ ለይተው ከወራሾቹ ኪስ ያደርጉታል። ቤተ ሰቡ ይህን ሳያውቅ ቢደግስ የሚጎዳው ራሱ ነው። እንግዳው በልቶ ከሄደ በኋላ ባለ ዕዳው ይመጣል፤ ሱቁ ባዶ ይሆናል፤ ልጆቹ በአባታቸው መታሰቢያ ምክንያት የአባታቸውን ስም ያስከስሳሉ። የሟች ነፍስ በዚህ ትደሰታለች የሚል መምህር አላየንም።

8ኛ፤ ምን ብለን እንመልስ?

እንግዲህ በሚቀጥለው ዕረፍት ወደ አገራችን ስንመለስና ስንጠየቅ፣ «አይቻልም» ከሚለው ቃል ጋር የሚከተሉትን እንጨምር።

አንደኛ፣ የሱቁና የቤቱ ገንዘብ በሁለት መሳቢያ ይቀመጥ። ነጋዴው ለቤቱ የሚወስደውን በየጊዜው «ባለቤቱ ለግሉ የወሰደው» ብሎ ይጻፍ፤ የተዝካሩም ገንዘብ ከዚያ ይውጣ። እንዲህ ሲደረግ ማንም መርማሪ ቢመጣ መዝገቡ አያሳፍርም። የተዝካር ደረሰኝን በንግድ ወጪ ስም መጻፍ ግን ያልተከፈለውን ግብር ከነወለዱና ከነቅጣቱ ያስከፍላል።

ሁለተኛ፣ የሟቹ ዕዳ ይጠየቅ። በሣልስቱ የመጡት ሽማግሎች ድግሱን ከመምከራቸው በፊት «ማን ምን ይጠይቀዋል?» ብለው ይጻፉ። ይህን እድሩ ወይም አፎሻው ቢሠራው ከማንም ይልቅ ይሰማል።

ሦስተኛ፣ ጸሎቱና ድግሱ ይለዩ። ቤተ ክርስቲያን የምትጠይቀው ጸሎትን፣ ቁርባንንና ምጽዋትን ነው። በሬውን የሚጠይቀው ጎረቤት ነው። አቅም የሌለው ሰው የመጀመሪያውን ፈጽሞ ሁለተኛውን ቢተው ከሥርዓት አልጎደለም።

አራተኛ፣ አቅም ያለው፣ መዝገብም የሚይዝ ነጋዴ በአባቱ ስም ሕዝብን የሚጠቅም ነገር ማድረግ ቢወድና በሕግም ተቀናሽ እንዲሆንለት ቢፈልግ፣ ከላይ እንዳልነው ገንዘቡን ለተመዘገበ የበጎ አድራጎት ድርጅት ይስጥ። ይህ የሃይማኖት ተቋም ያቋቋመው ሊሆን ይችላል። ለምሳሌ ያህል የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽን በ1964 ዓ.ም. የተቋቋመ የቤተ ክርስቲያኒቱ የእርዳታ ክንድ ነው። ሰጪው ከመስጠቱ በፊት የተቀባዩን የምዝገባ ምስክር ወረቀት ይይ፤ በድርጅቱ ስም የተቈረጠ ደረሰኝም ይያዝ፤ ከ10 በመቶው ወሰን በላይ ያለው እንደማይቀነስለትም ይወቅ። በደረቅ ቀበሌ የተቈፈረ አንድ የውኃ ጕድጓድ የሟቹን ስም ከአንድ ቀን ድግስ ይልቅ ረጅም ዘመን ያስጠራል።

ይህን ስንል የአባቶቻችንን ልማድ ለማቃለል አይደለም። እኛም ነገ ወላጆቻችንን የምንቀብር ልጆች ነን፤ በአርባቸውም ቀን ቤተ ክርስቲያን ቆመን ስማቸው ሲጠራ መስማት እንወዳለን። ነገር ግን ከመካከላችን አንዳንዱ የሒሳብ ሠራተኛ፣ አንዳንዱ የግብር ሹም፣ አንዳንዱ ጠበቃ ይሆናል። ያን ጊዜ ያዘነ ሰው በመስኮታችን ፊት የቤተ ክርስቲያን ደረሰኝ ይዞ ሲቆም በሕግ ቁጥር ብቻ አንመልሰው። ምክንያቱን አስረድተን፣ መዝገቡን አስተካክለን፣ ዕዳውንም አስበን ብንመልሰው ግብሩ ባይቀነስለትም ቤቱ ይተርፍለታል።